የቪጎ ፒካፕ የፊት መብራት አቀያየር፦ ከሱቅ ምርጫ እስከ ግድግዳው መስመር

የቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ የፊት መብራት የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው፤ ተጋጭቶ ተሰብሯል፣ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል፣ ወይም ሾፌሩ «ሌሊት መንገዱ አይታየኝም» ብሏል። ሱቅ ከመሄድዎ በፊት የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ለተሰበረው አዲስ መግዛት ግድ ነው። ለሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ መብራቱ ራሱ ጥፋት የለበትም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ

የመብራቱ ፊት ፕላስቲክ ነው፤ ፖሊካርቦኔት ይባላል። ፀሐይ ከላይ የተቀባውን መከላከያ ትበላውና ፕላስቲኩ ይቢጫል። በዙሪያው ያለውን ቀለም በናስትሮ ይሸፍኑና ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነኩ በ800፣ በ1500፣ በ2000፣ መጨረሻ ላይ በ3000 ቁጥር ይፈጉት። በእያንዳንዱ ቁጥር የፊተኛው ጭረት እስኪጠፋ ድረስ ይቆዩ፤ ወደሚቀጥለው የሚጣደፍ ሰው መጨረሻ ላይ ጭጋግ የመሰለ መብራት ነው የሚቀረው። ከዚያ በፖሊሽ ያብሱትና ፀሐይ የሚከላከል ክሊር (ቀለም አልባ ቫርኒሽ) ይቀቡት። ክሊሩን ከዘለሉት በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይቢጫል። በጥርስ ሳሙና ማሸት ለሁለት ሳምንት ያምራል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ።

ሁለተኛው የቮልት ፍተሻ ነው። ሞተሩን አስነስተው አጭር መብራቱን ያብሩ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሲያደርጉ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ያህል ማንበብ አለበት። ቀጥሎ ሶኬቱ ከአምፖሉ ሳይነቀል፣ በሶኬቱ ጀርባ በኩል በጋራው ፒን (አጭሩም ረጅሙም በሚጠቀሙበት) እና በአጭሩ መብራት ፒን መካከል ይለኩ። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው፤ የዛገ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የነጌቲቭ መስመር)፣ የላላ ፒን፣ የተቃጠለ ማብሪያ ሊሆን ይችላል። የሃሎጅን አምፖል ለቮልት በጣም ስስ ነው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ሳያርሙ አዲስ መብራት ቢገጥሙ አዲሱም ይደበዝዛል።

አመራረጥ

ቪጎ ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 አጋማሽ የተሠራው እና ከዚያ ወዲህ እስከ 2015 የተሠራው የፊት ገጻቸው ይለያያል፤ የአንዱ መብራት ከሌላው ኮፈን፣ ግሪልና ባምፐር ጋር አይገጥምም። ስለዚህ «የቪጎ መብራት» ብቻ ብለው አይጠይቁ። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የተሰበረውን መብራት ይዘው ይሂዱ፤ ካልቻሉ የፊቱን፣ የጀርባውንና የሶኬቶቹን ፎቶ። አሜሪካ ያለ ዘመድ «እዚህ ርካሽ ነው» ብሎ የታኮማ መብራት ልላክልህ ቢል በትህትና እምቢ ይበሉ። ታኮማ ሌላ መኪና ነው፤ ሃይሉክስም እዚያ አገር አይሸጥም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን መብራቱ ለየትኛው የመንገድ ጎን እንደተሠራ ነው። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ታይላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና ኬንያ በግራ ይነዳሉ፤ ሃይሉክስ ደግሞ በብዛት የሚመረተው ታይላንድና ደቡብ አፍሪካ ነው። ስለዚህ ገበያው ላይ ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት በቀላሉ ይገኛል። የዱባይ ዕቃ በጥቅሉ ለእኛ ይስማማል፤ እነሱም በቀኝ ስለሚነዱ። አጭር መብራት አውቆ የተዛነፈ ነው፤ በራስዎ ዳር በኩል ወደ ላይ ከፍ ብሎ እግረኛውንና የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል፣ በተቃራኒው በኩል ዝቅ ብሎ ከፊት የሚመጣውን ይተዋል። ለግራ መንገድ የተሠራውን እዚህ ሲገጥሙት ያ ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። በማስተካከያ ብሎን አይታረምም፤ ቅርጹ ከመብራቱ ውስጥ መስታወት ጋር አብሮ የተሠራ ነው።

እንዴት ይለያል? በመብራቱ ፊት ላይ በክብ ውስጥ የእንግሊዝኛው «ኢ» (E) ፊደል ከነቁጥሩ ታትሞ ይገኛል። አጠገቡ ፍላጻ ከሌለ ለቀኝ መንገድ ነው። ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ወደ ቀኝ የሚያመለክት አንድ ፍላጻ ካለ ለግራ መንገድ ብቻ ነው፤ አይግዙት። ፍላጻው ሁለት ጫፍ ካለው ለሁለቱም ይሆናል። ነገር ግን ማኅተም ማንም ሊያትም ይችላል፤ የመጨረሻው ዳኛ ግድግዳ ነው።

ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያድርጉ። ኤች 4 (H4) የሚባለውን፣ አጭርና ረጅሙን በአንድ የያዘ አምፖል ያስገቡ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አጭሩን ያገናኙ፣ መብራቱን መኪናው ላይ እንደሚቀመጠው ቀጥ አድርገው ይዘው ከ3 ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ ያብሩት። ከመብራቱ ጀርባ ቆመው ግድግዳውን ይመልከቱ። ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን፣ መሐላቸው እንደ ምላጭ የተቆረጠ መስመር ማየት አለብዎ። መስመሩ በግራ በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ከመሐል ወደ ቀኝ ሽቅብ ከወጣ ዕቃው ትክክል ነው። ሽቅቡ ወደ ግራ ከሆነ ይመልሱት። ጭራሹን መስመር ከሌለውና እንደ ፋኖስ በየአቅጣጫው ከተበተነም ይመልሱት፤ ሻጩ «በጣም ይበራል» ቢልም። ግራና ቀኙን መብራት ሁለቱንም ይፈትሹ፤ ጥንዱ አንዳንዴ ከተለያየ ካርቶን የተገጣጠመ ነው።

እጅዎ ላይ እያለ የጀርባውን ነገር ሁሉ ይቁጠሩ፦ የጎማ መሸፈኛ፣ የአምፖል መያዣ ሽቦ፣ የአየር ማስተንፈሻ ቱቦዎች፣ የማስተካከያ ጥርስ፣ የፍሬቻና የፓርኪንግ አምፖል መያዣ። መብራቱ በብሎን የሚታሰርባቸው ጆሮዎች ላይ ስንጥቅ ካለ አይውሰዱ፤ በኮላ የተያያዘ ጆሮ የኮብልስቶን መንገድ አይችልም።

አምፖሉስ?

የአብዛኛው ቪጎ መብራት በአንድ ኤች 4 አምፖል ነው የሚሠራው፤ ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት። ለዚህ መብራት ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ብንል አልተሳሳትንም። ጥሩ ፋብሪካ የሠራው 60/55 ሃሎጅን በሙሉ ቮልት ሲሠራ በአጭሩ 1000፣ በረጅሙ 1650 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ይሰጣል።

100/90 የሚለውን አምፖል ይተዉት። ረጅሙ ሲበራ አንዱ አምፖል ብቻ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል፤ የፋብሪካው ሽቦና ሶኬት የተሠሩት ለ5 አምፔር ገደማ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል፣ በመጨረሻ የመብራቱ ውስጥ መስታወት ይላጣል።

ኤልኢዲ ከፈለጉ ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቺፖቹ የሃሎጅኑ ክር በነበረበት ቦታ ላይ ናቸው? ከአጭሩ ቺፕ ሥር ብርሃን የሚጋርድ ትንሽ ማንኪያ የመሰለ ቆርቆሮ አለው? ሲገባ ቺፖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመለከታሉ? ወደ ላይና ወደ ታች ከተመለከቱ መስመሩ ይበላሻል። ካርቶኑ ላይ «20,000 ሉመን» የሚል ካለ ቴስተሩን በአምፔር ላይ አድርገው ይለኩት። 2 አምፔር የሚስብ አምፖል 26 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚያ ኃይል 20,000 ሉመን አይወጣም፣ 3000 ከሰጠም ጎበዝ ነው። ከ6000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) በላይ ያለው ሰማያዊ ነገር ብርሃን አይጨምርም፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ዓይን ያደክማል። የጀርባው ማራገቢያ የጎማ መሸፈኛውን የማያስዘጋ ከሆነም አይግዙት፤ በዚያ ክፍተት አቧራና ውኃ ይገባል።

አገጣጠም

የሚያስፈልግዎ ይህ ነው፦ 10 ቁጥር ቡሶላ ከነማራዘሚያው፣ ባለመስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ቴስተር፣ ሜትር፣ ትርፍ የፕላስቲክ ክሊፖች። ክሊፖቹን አስቀድመው ይግዙ፤ ያረጀ ክሊፕ ሳይሰበር አይወጣም። ለለመደ ሰው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ቀኑን ይስጡት።

1. አሮጌው መብራት ገና የሚበራ ከሆነ መኪናውን ግድግዳ ፊት ለፊት አቁመው የመስመሩን ቦታ በናስትሮ ምልክት ያድርጉ፤ ጎማዎቹ የቆሙበትንም መሬት ላይ ያስምሩ። ኋላ ይጠቅማል።

2. ሞተሩን ያጥፉ፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ።

3. ኮፈኑን ከፍተው የግሪሉን የላይ ብሎኖችና ክሊፖች ያውጡ። ግሪሉን ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ወደ ላይ ከጠመዘዙት የታችኛው ጥርስ ይሰበራል። በብርድ ጠዋት ፕላስቲኩ ደረቅ ስለሆነ ፀሐይ እስኪመታው መጠበቅ ይሻላል።

4. የባምፐሩን ጫፍ ከፓራፋንጎው ጋር የያዙትን ብሎኖች በጎማው በኩል ይፍቱ። ባምፐሩን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ጫፉ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ቢሸሽ ይበቃል። መሐሉ ላይ ጨርቅ ያስገቡ፤ ቀለም የሚጫረው እዚህ ላይ ነው።

5. የመብራቱን ብሎኖች ይፍቱ። የላዮቹ ይታያሉ፤ በጎን በኩል ያለው ግን ከባምፐሩ ጀርባ ይደበቃል። መብራቱ እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነው። ጥቂት ወደ ፊት ሲመጣ እጅዎን ከጀርባ አስገብተው ሶኬቶቹን መቆለፊያቸውን ተጭነው ይንቀሉ። ሽቦውን ይዘው አይጎትቱ።

6. አሮጌውንና አዲሱን ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ያስተኙ። አዲሱ ላይ የጎደለ ላስቲክ፣ ቱቦ ወይም ላሜራ ካለ ከአሮጌው ያዛውሩ። አምፖሉን ሲያስገቡ ብርጭቆውን በጣት አይንኩ፤ የጣት ቅባት በሙቀት ተቃጥሎ አምፖሉን ዕድሜው ሳይደርስ ይገድለዋል። ከነኩት በስፒሪት ይጥረጉት። ኤች 4 ሦስት ጆሮ አለው፤ ሰፊው ወደ ላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚቀመጠው። የጎማ መሸፈኛው ጠርዝ ዙሪያውን እስኪገጥም በአውራ ጣት ይጫኑት።

7. መብራቱን አስገብተው ብሎኖቹን በጣት ብቻ ያስይዙ። ከፓራፋንጎውና ከኮፈኑ ጋር ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን እያዩ ያንቀሳቅሱት። ኮፈኑን በቀስታ ዝቅ አድርገው እንዳይነካው ይፈትሹ። ከዚያ ያጥብቁ፣ ግን ጆሮው ፕላስቲክ መሆኑን አይርሱ፤ ብሎኑ ከቆመ በኋላ ሩብ ዙር ይበቃል።

8. ባምፐሩን ከመመለስዎ በፊት ባትሪውን አገናኝተው ሁሉንም ይሞክሩ፦ ፓርኪንግ፣ አጭር፣ ረጅም፣ ፍሬቻ። አዲሱ መብራት የኤልኢዲ ፍሬቻ ካለው ፍሬቻው በጥድፊያ ሊመታ ይችላል፤ ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው የድሮው ፍላሸር አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። 6 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር በፍሬቻው መስመርና በማሳ መካከል ያስራሉ። ሬዚስተሩ እጅ ያቃጥላል፤ ላሜራ ላይ በብሎን ይታሰር እንጂ ከሽቦ ጋር በናስትሮ አይጠቅለል።

ሪሌ ማስገባት

ቀደም ሲል የለኩት ቮልት የሚጎድል ከሆነና ሶኬትና ማሳ አጽድተው ካልተሻለ፣ በሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ፣ ለመብራቱ ከባትሪ ቀጥታ መስመር ይስጡት። ሁለት ባለ 12 ቮልት 30 አምፔር ሪሌ፣ ሁለት ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሁለት አዲስ የኤች 4 ሶኬት ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ኤሌክትሪሺያን የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብዙ ቶዮታዎች መብራቱን የሚያበሩትና የሚያጠፉት በነጌቲቩ በኩል ነው፤ የጋራው ፒን ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው፣ አጭርና ረጅሙ ማሳ የሚያገኙት በማብሪያው ነው። ለማወቅ የሁለቱንም ጎን ሶኬት ከአምፖሎቹ ይንቀሉ፣ መብራቱን ያብሩ፣ የቴስተሩን ጥቁር ባትሪ ነጌቲቭ ላይ አድርገው በቀዩ ሦስቱን ፒን ይንኩ። አጭር ላይም ረጅም ላይም 12 ቮልት የሚታየው በዚያው በአንዱ ፒን ላይ ከሆነ መኪናው የነጌቲቭ ነው።

ደግነቱ ለሁለቱም ዓይነት የሚሠራ አንድ አስተሳሰር አለ። ሪሌው ላይ 85 እና 86 ተብለው የተጻፉትን እግሮች ከማሳ ጋር አያገናኙ፤ በፋብሪካው ሶኬት ፒኖች መካከል ያድርጓቸው። የመጀመሪያው ሪሌ በጋራውና በአጭሩ መካከል፣ ሁለተኛው በጋራውና በረጅሙ መካከል። የአንዱ ጎን ሶኬት ለሁለቱም መብራት ይበቃል፤ የሌላውን ጎን በናስትሮ አሽገው ያስሩት። 30 ቁጥር በፊውዝ በኩል ከባትሪ ፖዘቲቭ ይመጣል፤ 87 ወደ አዲሶቹ ሶኬቶች ይሄዳል፤ የአዲሶቹ ሶኬቶች የጋራ ፒን ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ላሜራ ላይ በብሎን ይታሰራል። ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሳንቲ ሜትር አይራቅ፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ላሜራ ቢነካ የሚያቋርጠው የለም። በነጌቲቭ መኪና ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊዋ የረጅም መብራት ምልክት ከዚህ በኋላ ልትደበዝዝ ወይም ልትጠፋ ትችላለች፤ ኤልኢዲ ሲገባም እንዲሁ። ምልክቷ የምትሠራው በአምፖሉ ክር በኩል ስለሆነ ነው።

ማስተካከል

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚያቆመው መብራቱ ሲበራ ነው። ለዚህ ነው ሌሊት ከሸገር ወጣ ሲሉ ዓይንዎ የሚጠፋው።

የጎማ ንፋስ ያስተካክሉ፣ ነዳጁ ግማሽ ገደማ ይሁን፣ ጭነት ያውርዱ፣ ወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጥ። ቦታው ደልዳላ መሆን አለበት። ዓይን ይሸውዳል፤ ግንበኞች ውኃ ሞልተው ውኃ ልክ የሚያወጡበትን ውስጡ የሚያሳይ ቱቦ ተውሰው አራቱ ጎማዎች የቆሙበትን መሬትና የግድግዳውን ሥር ያነጻጽሩ። በ10 ሜትር ውስጥ የ2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም፤ 10 ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

መብራቱን ከግድግዳው 10 ሜትር ያርቁ። ከመሬት እስከ አምፖሉ መሐል ያለውን ከፍታ ይለኩ፤ 92 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ባዶ ፒካፕ ላይ የአጭሩ መብራት መስመር በየ10 ሜትሩ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ጥሩ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ በ79 ሳንቲ ሜትር አግድም ናስትሮ ይለጥፉ። ቦታ ጠቦ 5 ሜትር ብቻ ካለዎ ውረዱን ለሁለት ይክፈሉ፤ 6.5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በ85.5 ላይ። ከእያንዳንዱ መብራት ፊት ለፊት ደግሞ ቁም ናስትሮ ያድርጉ።

አንዱን መብራት በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑና ሌላውን በጀርባው ባለው የማስተካከያ ጥርስ በካቻቢቴ ያዙሩ። ጠፍጣፋው መስመር በአግድሙ ናስትሮ ላይ ማረፍ፣ ወደ ቀኝ የሚወጣው ክርኑ ደግሞ በቁሙ ናስትሮ ላይ መሆን አለበት። ኤልኢዲ ከሆነ ጨርቁን ብዙ አያቆዩት። ረጅሙን ለብቻው አያስተካክሉ፤ በኤች 4 አጭሩ ከተስተካከለ ረጅሙ ይከተላል።

ጋቢናው ውስጥ ከ0 ጀምሮ ቁጥር ያለው ማስተካከያ ካለ ይህን ሁሉ ሲሠሩ 0 ላይ ይሁን። የፒካፕ ነገር ከሌላ መኪና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በደብል ጋቢና ቪጎ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 308.5 ሳንቲ ሜትር አለ። ጥቂት ኩንታል ጤፍ ተጭኖ የኋላው ባሌስትራ 6 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ አፍንጫው 2 በመቶ ገደማ ቀና ይላል። በየ10 ሜትሩ 13 ሳንቲ ሜትር ይወርድ የነበረው መስመር አሁን ከ6 በላይ ይወጣል፤ በ50 ሜትር ላይ ከመሬት 1.24 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የቪትዝ ሾፌር ዓይን አካባቢ ማለት ነው። ማስተካከያው ካለዎ ሲጭኑ ቁጥሩን ይጨምሩ። ከሌለዎና ሁልጊዜ ጭነው የሚሄዱ ከሆነ ማስተካከሉን በተለመደው ጭነትዎ ያድርጉ፤ ባዶ ሲሄዱ ትንሽ ያጥራል፣ ግን ማንንም አያሳውርም። ባሌስትራ ካስጨመሩ ወይም ትልቅ ጎማ ካስገቡ እንደገና ግድግዳው ጋር ይመለሱ።

ከገጠሙ በኋላ የሚመጡ ጣጣዎች

ከታጠበ በኋላ በመብራቱ ውስጥ ስስ ጭጋግ ታይቶ መብራቱ ሲበራ ከጠፋ ጤነኛ ነው፤ በማስተንፈሻው ይወጣል። ውኃ ታች ከተጠራቀመ ግን የጎማ መሸፈኛው አልገጠመም፣ ወይም የፕላስቲክ ፊቱ ማጣበቂያ ክፍተት አለው። ማስተንፈሻውን በሲሊኮን መድፈን መፍትሔ አይደለም፤ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል።

አንዱ ጎን ደብዝዞ፣ ረጅም ሲበራ ሌላ ክር አብሮ ጭል ጭል ካለ ማሳው ነው። ኤሌክትሪኩ መውጫ አጥቶ በሌላው ክር በኩል እየዞረ ነው። ሪሌ ያስገቡ ከሆነ የማሳውን ብሎን ፈትተው ላሜራውን እንደገና ይፈቁ።

አንዱ አምፖል በየወሩ የሚቃጠል ከሆነ አምፖሉን ከመቀየርዎ በፊት መያዣውን ሽቦ ይመልከቱ፤ ልል ከሆነ አምፖሉ በኮረኮንች ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም የሚቃጠሉ ከሆነ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር አድርገው ባትሪውን ይለኩ። ከ15 ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋቱ ቮልቱን የሚቆጣጠረው የዲናሞው ሬጉሌተር ነው።

ኤልኢዲው ሬዲዮውን የሚያንጫጫ ከሆነ ኃይል የሚመግበው ድራይቨር ርካሽ ነው፤ የብረት ቀለበት ፊልተር ሽቦው ላይ ማድረግ ይረዳል፣ ካልሆነ ወደ ሃሎጅኑ ይመለሱ። ለዚህ ሲባል አሮጌዎቹን አምፖሎች አይጣሉ፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበር ሥር ያኑሯቸው።